ስለ ክረምትና ስለ ጧት ጕዞ

ሥራው በወንበር ተቀምጦ መጻፍ፣ ማስተማር ወይም መነገድ የሆነ ሰው በየቀኑ ጥቂት ጊዜ ከቤቱ ወጥቶ በመስክ ቢመላለስ፣ በዛፍም ሥር ዝም ብሎ ቢቀመጥ፣ ለሰውነቱ ጤናን ለአሳቡም ዕረፍትን ያገኛል። ይህን ነገር የማይቀበል አስተዋይ ሰው የለም። የጃፓን መንግሥት የደን መሥሪያ ቤት በ1982 ለዚሁ ልማድ «ሺንሪን ዮኩ» የሚል ስም አውጥቶለታል፤ ትርጓሜውም በደን መታጠብ ማለት ነው። (የኢትዮጵያ ነው ተብሎ ካልተነገረ በቀር በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በአዊ አገር ከብት ሲጠብቅ ላደገ ልጅ ይህ ስም ቢነገረው ሳይስቅ አይቀርም፤ እርሱ በደን የሚታጠበው ሳይወድ በግድ ነውና። ዳሩ ግን በእንጅባራና በዳንግላ ከተማ የሚኖር ጸሐፊ ወይም መምህር መስኩን አስቦ ካልሄደበት በቀር አያገኘውም፤ ስለዚህ ልማዱ ይጠቅመዋል።

ልማዱ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው በጥቅምት ወይም በጥር ነው። በእነዚህ ወራት ሰማዩ የጠራ፣ መንገዱም የደረቀ ነው፤ ጧቱ ቢበርድም ፀሐይ ወጥታ ፈጥና ታሞቀዋለች። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1932 የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን በእንጅባራ የሚያከብረው በጥር 23 ቀን ነው፤ ፈረስም በጥር ሜዳ እንደሚጋልብ በሐምሌ ማጥ ውስጥ አይጋልብም። እንግዲህ በጥር የጀመረው ሰው የካቲትን ይሄዳል፣ መጋቢትንም ይሄዳል፤ በዕረፍት ቀን ወደ ዘንገና ሐይቅ ወርዶ ውሃውን ሲመለከት ይውላል፤ ልማዱም ከእርሱ ጋር የተወለደ ይመስለዋል። ግንቦት ሲገባ ደመናው ከቀትር በኋላ ይከማቻል፤ በሰኔም ጧቱ ጉም ይሆናል። አንድ ቀን ዶፉ ሲወርድ ከደጃፉ ቆሞ ያይና ይመለሳል። በማግሥቱ ዶፉ ወደ ካፊያ ቢለወጥም መንገዱ ጨቅይቷልና ይቀራል። በሦስተኛው ቀን መስኮት ከፍቶ እንኳ አያይም። ሰው ቢጠይቀው «አየሩ ተበላሸ፤ መስከረም ሲጠባ እቀጥላለሁ» ብሎ ይመልሳል፤ ይህንም ሲናገር ምክንያቱ የተሟላ ነው ብሎ ያምናል።

የዚህ ሰው ስሕተት ስንፍና ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዙ ሊነገርበት ባልተገባ ነበር፤ ሰነፍ በበጋም ይሰንፋልና። ስሕተቱ ግን ከስንፍና የሚብስ ነው፤ ይኸውም የአገሩን ዋና ሥራ እንደ መሰናክል መቍጠሩ ነው። በዳንግላ በዓመት የሚወርደው ዝናብ ከ1500 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ሲሆን፣ ከመቶው ዘጠና ያህሉ የሚወርደው ከግንቦት እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሊትር ውሃ ማለት ነው፤ ስለዚህ በአንድ ሄክታር እርሻ ላይ በዓመት የሚወርደው ከ15 ሚሊዮን ሊትር በላይ ይሆናል። ይህን ያህል ውሃ ከሰማይ ወደ ምድር የሚመጣበትን ጊዜ ሁሉ በቤቱ ተቀምጦ አሳልፎ፣ ውሃው ከሄደ በኋላ ወጥቶ «አገሩን ዐወቅሁት» የሚል ሰው፣ ሠርገኛው ከተበተነ በኋላ ገብቶ ባዶውን ዳስ አይቶ የተመለሰ እንግዳ ይመስላል።

ለዚህም ምስክር የዘንገና ሐይቅ ይበቃል። ይህ ሐይቅ በጥንት ዘመን ከምድር ውስጥ የፈነዳ እሳት በተወው ጕድጓድ ውስጥ የተከማቸ ውሃ ነው፤ ጥልቀቱም ከ150 ሜትር ይበልጣል። ወንዝ አይገባበትም፣ ወንዝም አይወጣበትም። እንግዲህ ሰውዬው በጥር በዳሩ ተቀምጦ ያደነቀው ያ ጸጥ ያለ ውሃ፣ እርሱ በቤቱ ተሸሽጎ በነበረበት ጊዜ ከላይ የወረደና ከዙሪያው ገደል የተንጠባጠበ ዝናብ ነው። ውሃውን ወደደው፤ የመጣበትን ቀን ግን ጠላው።

በበጋ ፈጽሞ የማይታይ ብዙ ነገር ደግሞ በክረምት ይታያል። የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ከጣለ በኋላ አሸን ክንፍ አውጥቶ ከምድር ይፈልቃል፤ «እንደ አሸን ፈላ» እያለ በአፉ የሚናገር ሁሉ አሸኑን በዓይኑ ያየ አይደለም። የቀርቀሃው ቡቃያ እንደ ጦር ጫፍ ሆኖ አፈሩን ሰንጥቆ የሚወጣውና በጥቂት ሳምንት ከሰው ቁመት የሚያልፈው በዝናቡ ወራት ነው፤ ከእንጅባራ የሚወጣው የቀርቀሃ ወንበርና ጠረጴዛ ሁሉ መጀመሪያው ያ ቡቃያ ነው። ከሣር ወፎች ወገን የሆነ፣ በበጋ እንደ ድንቢጥ ቡናማ ስለሆነ ማንም ልብ የማይለው ወንዱ ወፍ፣ የመራቢያው ጊዜ ሲደርስ ቀይና ጥቍር ለብሶ በረጃጅሙ ሣር ላይ ይንሳፈፋል። በጉም ቀንም ዓይን ከሃያ እርምጃ በላይ አያልፍም፤ ስለዚህ ጆሮ ይሠራል። በበጋ ድምፁ የማይሰማው ምንጭ ከሩቅ ይሰማል፤ የከብቱም ቃጭል ከየት እንደ መጣ ለማወቅ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ ለማግኘት የሚጠየቀው ዋጋ የረጠበ እግር ነው፤ ዋጋው ውድ ነው የሚል ሰው ዕቃውን አላየውም።

«መጥፎ አየር» የሚለው አነጋገር ራሱ ሊመረመር ይገባዋል። የአዊ ገበሬ መጥፎ አየር የለም አይልም፤ አለ ይላል፤ ነገር ግን እርሱ መጥፎ የሚለው ሌላ ነው። ሰኔ ገብቶ ሰማዩ ሳይዳምን ቢቀር መጥፎ ነው። በነሐሴ በረዶ ወርዶ ድንቹንና ገብሱን ቢደበድበው መጥፎ ነው። የታጨደው ጤፍ በመስክ ሳለ በኅዳር ያለ ወራቱ ዝናብ ቢጥልበት መጥፎ ነው። ዝናቡ ሳያባራ ብዙ ቀን ቢሰነብት ደግሞ በድንቹ ቅጠል ላይ የሚወጣው በሽታ እርሻውን በጥቂት ቀን ውስጥ ያጠቍረዋል፤ ይህም መጥፎ ነው። እንግዲህ ገበሬው አየርን መጥፎ የሚለው እህሉን ሲጐዳበት ነው፤ የከተማው ሰው ግን ጫማውን ሲያበላሽበት መጥፎ ይለዋል። ሁለቱም አንድ ቃል ይናገራሉ፤ የተናገሩት ግን አንድ ነገር አይደለም። ከገበሬ ቤት መጥቶ በከተማ የሚማር ልጅ መምህሩ ዝናብን ሲያማርር በየቀኑ ቢሰማ፣ የአባቱን ተስፋ እንደ እርግማን መቍጠር ይለምዳል፤ ይህም ልማድ ከፊደል ጋር አብሮ የገባ ስለሆነ በኋላ ለመንቀል ያስቸግራል።

ከሩቅ አገር ዓባይን ሊያዩ የመጡ ሰዎች ከክረምት ጋር የነበራቸው ነገር እንዲሁ ነበር። ፔድሮ ፓኤዝ ከአዊ ጋር በሚዋሰነው በሰከላ ያለውን የግሽ ዓባይን ምንጭ ያየው በ1618 በሚያዝያ ወር ነው፤ ጄምስ ብሩስም በ1770 በጥቅምት መጨረሻ ነው። ሁለቱም ዶፉ በሌለበት ጊዜ መጡ። ከእነርሱ ብዙ ዘመን በኋላ በ1925 የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ ወደ ዳንግላ የመጣው ሮበርት ቺዝማን እስከ 1934 ድረስ በዚያ ሥራ ቆየ። ሰውዬው የፍጥረት ወዳጅ ነበር፤ የአገሩን ወፎች ሰብስቦ ለሊቃውንት ምርመራ አቀረበ፤ የጣናን ዳርና የዓባይን ሸለቆ ተከትሎ ሄዶ ለካርታ የሚሆን ነገር አስመዘገበ፤ ስለ ጕዞውም በ1936 መጽሐፍ አሳተመ። ረጅሙን ጕዞ ግን የሚሄደው በበጋ ነበር፤ በክረምት ወንዙ ይሞላል፣ በቅሎም አትሻገርም። መንገደኛ ክረምትን ቢሸሽ አይነቀፍም። የአገሩ ሰው ግን መንገደኛ አይደለም፤ ከደጃፉ እስከ ዛፉ ያለው ሁለት መቶ እርምጃ በሐምሌም ያው ሁለት መቶ እርምጃ ነው።

ይህ ዝናብ በሌላ አገር እንዴት ይጠበቅ እንደ ነበር ማወቅ ደግሞ ይጠቅማል። በካይሮ ከተማ በሮዳ ደሴት በ861 የተሠራው የዓባይ ውሃ መለኪያ እስከ ዛሬ ቆሟል፤ በጕድጓድ ውስጥ የተተከለ፣ በክንድ ልክ ምልክት የተደረገበት የድንጋይ ዓምድ ነው። ዓባይ በሚሞላበት ወራት ውሃው ስንት ክንድ እንደ ወጣ ይታይ ነበር፤ በከተማውም ይታወጅ ነበር። ግብሩና የእህሉ ዋጋ፣ የሕዝቡም ተስፋ በዚያ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ወደ አስዋን ከሚደርሰው ውሃ ከመቶው ሰማንያ አምስት ያህሉ ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርድ ነው፤ የሚበዛውም የክረምት ውሃ ነው። እንግዲህ በሰከላና በዳንግላ በሐምሌ የሚጥለውን ዝናብ በዓይናቸው ያላዩት ሰዎች፣ ከብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር መንገድ በኋላ ቆመው ከዓምዱ ላይ ክንድ በክንድ ይቈጥሩት ነበር፤ ዝናቡ በጣራው ላይ የሚወርድበት ሰው ግን ጆሮውን በጋቢ ሸፍኖ ይተኛል።

የጋቢው ነገር ለሁሉ አይነገርም። በዳንግላ ወረዳ በዳንግሽታ ቀበሌ ከ2014 ጀምሮ የተደረገው ሥራ ከዚህ የተለየ ነው። የእንግሊዝ አገር የኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከቀበሌው ሰዎች ጋር ተስማምተው የዝናብ መለኪያ አቆሙ፤ በወንዝ ውስጥም የውሃውን ከፍታ የሚያሳይ ቁጥር የተጻፈበት ሰሌዳ ተከሉ፤ በየጕድጓዱም ያለው ውሃ ምን ያህል እንደ ራቀ እንዲለካ አደረጉ። ለካዮቹ ሊቃውንት አልነበሩም፤ በዚያው የሚኖሩ የአገሩ ሰዎች ነበሩ። ከእነርሱም የሚፈለገው ብዙ አልነበረም፤ ሰዓቱን ጠብቆ ወደ መለኪያው ሄዶ ማየትና ያዩትን መጻፍ ብቻ ነው።

ሥራው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን የሚከብድበት ቀን አለ፤ እርሱም ከቤት መውጣት የሚያስጠላበት ቀን ነው። በጥር መለኪያው ባዶ ነው፤ ለሄደው ሰው ድካሙ ትንሽ፣ የሚያገኘውም ነገር ትንሽ ነው። በሐምሌ ግን ሌሊቱን ሁሉ ሲዘንብ ባደረበት ጧት፣ ጭቃው ቍርጭምጭሚት በሚውጥበት ጊዜ፣ ወንዙም ደፍርሶ ዳሩን እየቦረቦረ በሚወርድበት ሰዓት፣ ቁጥሩ ከሁሉ ይልቅ የሚፈለገው ያን ጊዜ ነው። ሰውን ከቤት የሚያስቀረው ነገርና ሰው ከቤት የሚፈለግበት ነገር አንድ ሆነው ተገኙ። የሥራው ውጤት በ2016 ታትሞ ወጣ፤ የአገሩ ሰዎች የጻፉት ቁጥር ከአየር ጠባይ ጣቢያ ከተገኘውና በሳተላይት ከተገመተው ጋር ተነጻጽሮ እምነት የሚጣልበት ሆነ። በዚያ አገር ዝናብ በአንዱ ኰረብታ ላይ ወርዶ በሌላው ሳይወርድ ይቀራል፤ ስለዚህ ሩቅ ካለ ጣቢያ ወይም ከሰማይ ሆኖ ከሚያይ መሣሪያ የሚያመልጠውን፣ በእግሩ ሄዶ ያየ ሰው ይይዘዋል።

እንዲህ ያለው ትጋት በሌላም አገር የታወቀ ነው። በኮሪያ በንጉሥ ሴጆንግ ዘመን በ1441 የዝናብ መለኪያ ተሠርቶ፣ በየአገሩ ያሉ ሹማምንት ዝናቡን እየለኩ እንዲያስታውቁ ታዝዞ ነበር። በእንግሊዝ አገርም በሴልቦርን መንደር የነበረ ጊልበርት ዋይት የሚባል ቄስ ከ1768 እስከ 1793 ድረስ አየሩን፣ ወፉንና አበባውን በማስታወሻው ይመዘግብ ነበር፤ የእንግሊዝ ሰማይ ደግሞ በዝናቡ የታወቀ ስለሆነ፣ ዋይት ብሩህ ቀንን ብቻ ቢጠብቅ ኖሮ ማስታወሻው እጅግ ቀጭን በሆነ ነበር።

በዳንግሽታው ሥራ ውስጥ ግን ለተማሪ ከስሌት ይልቅ የሚጠቅም አንድ ነገር አለ። ዝናብ የሚለካ ሰው አንድ ቀን ታሞ፣ ወይም ለቅሶ ሄዶ፣ ወይም ዶፉን ፈርቶ ቢቀር ምን ይጽፋል? ደብተሩ የዚያን ቀን መስመር ከፍቶ ይጠብቀዋል። መስመሩ ሳይጻፍበት ሲታይ ያሳፍራል፤ ስለዚህ እጁ 0 ለመጻፍ ይቸኵላል። ዳሩ ግን 0 ማለት «ሄጄ አየሁ፤ ዝናብ አልነበረም» ማለት ነው፤ ያልተጻፈበት መስመር ግን «አላየሁም» ማለት ነው። አላየሁም ያለ ሰው አንድ ቀን አጐደለ። ሳያይ 0 የጻፈ ግን የጻፈውን ሁሉ አጠራጣሪ አደረገ፤ ደብተሩን የሚያነብ ሰው ከዚያ በኋላ የትኛው 0 እውነት እንደ ሆነ በምን ያውቃል? መለኪያውም ራሱ ይመሰክርበታል፤ ያልታየው የአንድ ቀን ዝናብ በማግሥቱ ከሚወርደው ጋር ተደምሮ ይገኛልና።

በጧት የመሄድ ልማድ ያለውም ሰው ደብተር ባይይዝ በልቡ እንዲሁ ይጽፋል። «በክረምት የሚታይ ነገር የለም» የሚለው ቃል ሳያይ የጻፈው 0 ነው። «በክረምት አልወጣሁም፤ ስለዚህ አላውቅም» ቢል ግን ደብተሩ ጐደሎ ይሆናል እንጂ ሐሰተኛ አይሆንም። ብዙ ሰው ይህን ሁለተኛውን ቃል ለመናገር ያፍራል፤ የመጀመሪያውን ግን እንደ እውቀት አድርጎ ለልጆቹ ያስተምራል።

ይህ ሁሉ ሲነገር ዝናብ አይጐዳም ማለት አይደለም። ነጐድጓድ በሚሰማበት ጊዜ በሜዳ መቆም፣ ይልቁንም ብቻውን ባለ ዛፍ ሥር መጠለል ድፍረት ሳይሆን ሞኝነት ነው። ብልጭታው ከታየ በኋላ ድምፁ በሦስት ሴኮንድ ከተሰማ መብረቁ የወደቀው በአንድ ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ነው፤ ሠላሳ ሴኮንድ ሳይሞላ ከተሰማም ቤት መግባት ይገባል፤ ከመጨረሻው ነጐድጓድ በኋላም ግማሽ ሰዓት መቆየት መልካም ነው። ውሃ የሞላ ወንዝም እስከ ጕልበት ብቻ ቢደርስ እንኳ ሰውን ገልብጦ ይወስዳል፤ ባለፈው ሳምንት የተሻገሩት መሻገሪያ ዛሬ ያው አይደለም። እንዲህ ባለው ቀን ሰው በደጃፉ፣ ከጣራው ክፈፍ ሥር ቆሞ ቢመለከት ይበቃዋል። ከዚያም ሆኖ ጎርፉ በየትኛው መንገድ እንደሚወርድ፣ የማን አጥር እንደሚያፈርስ፣ ዝናቡ ከየት ወገን እንደ መጣ ያያል። ልማዱም አልተቋረጠም፤ አጠረ እንጂ። ሰውን የሚያስንፈው የሁለት መቶው እርምጃ ወደ ሁለት መመለስ አይደለም፤ ሁለቱም እርምጃ መቅረቱ ነው። ሐምሌ ቢያባራ በጋ ይመስላል እንደሚባለው፣ ደጃፉ ላይ የቆመው ሰው ዝናቡ ለአንድ ሰዓት ሲያባራ ያገኘዋል፤ የተኛው ግን አያገኘውም።

ደግሞም ሁሉም ሰው እኩል አይረጥብም። ብዙ ልብስ ያለው ረጥቦ ቢመለስ ይለውጣል፤ አንድ ልብስ ያለው ልጅ ግን የረጠበውን ለብሶ ያድራል። እረኛው ገሳውን ደርቦ በዶፍ ውስጥ የሚውለው ፍጥረትን ለማድነቅ አይደለም፤ ከብቱ ሣር ስለሚፈልግ ነው። ውሃ የምትቀዳ ልጃገረድም አየሩን አይታ አትቀርም። ስለዚህ ከቤት መውጣትን የሚመክር ቃል የሚነገረው ጣራ ላለውና ለመምረጥ ለሚችል ሰው ብቻ ነው። ለእረኛው የሚገባው ምክር ሳይሆን ደረቅ ልብስ ነው፤ ይህንም ሳይለዩ ሁሉን በአንድ ቃል የሚገሥጹ ሰዎች ከእነርሱ በላይ ዝናብ የሚያውቀውን ልጅ ስለ ዝናብ ያስተምራሉ። ይልቅስ የከተማው ሰው ከእረኛው ብዙ ሊጠይቅ ይችላል፤ ደመናው ከየትኛው ተራራ ሲነሣ በረዶ እንደሚያስከትል፣ ከብቱ ዶፍ ከመምጣቱ በፊት ወዴት ፊቱን እንደሚመልስ፣ ገሳም ውሃ ሳያስገባ ስንት ክረምት እንደሚያገለግል እረኛው ያውቃል፤ ማንም ጠይቆት ስለማያውቅ ግን እውቀት መሆኑን አያውቅም።

የትምህርት ቤትም ነገር አለ። በኢትዮጵያ ትምህርት ቤት በሰኔ መጨረሻ ተዘግቶ በመስከረም ይከፈታል። ምክንያቱ ትክክለኛ ነው፤ ልጁ ለእርሻ ይፈለጋል፣ መንገዱም ይከፋል። ዳሩ ግን ከዚህ የተነሣ ልጁ ስለ ፍጥረት በክፍል የሚማረው ሁሉ ከበጋ የተቀዳ ይሆናል። ቅጠል የሚታየው በኅዳር ነው፤ አፈር የሚመረመረው ደርቆ ነው፤ ስለ ውሃ የሚነገረው ወንዙ ጠጠሩን ባሳየበት ጊዜ ነው። ልጁ ሁለት ወር ሙሉ በዝናብ ውስጥ ሠርቶ፣ በየቀኑ ብዙ ነገር አይቶ በመስከረም ሲመለስ፣ ካየው አንዱንም ሳይጠየቅ መጽሐፉን በተዘጋበት ገጽ ይከፍታል። አባቱ ቤት ያየው አንድ ነገር፣ ትምህርት ቤት የሚማረው ሌላ ነገር ሆኖ ይቀራል።

መምህሩ ይህን ለማስተካከል ብዙ ገንዘብ አያስፈልገውም። ትምህርት ቤቱ ከመዘጋቱ በፊት ልጁ ከላይና ከታች ስፋቱ አንድ የሆነ፣ ጐኑ ቀጥ ያለ ባዶ ቆርቆሮ እንዲፈልግ ይንገረው። ቆርቆሮው ከቤቱ ጣራና ከዛፉ ራቅ ብሎ፣ ቢቻል የቤቱን ቁመት ሁለት እጥፍ ያህል ርቆ፣ ነፋስና ፍየል እንዳይጥለው በድንጋይ ተደግፎ ይቀመጥ። በየጧቱ በአንድ ሰዓት ላይ ማስመሪያ ውስጡ ቀጥ ብሎ ይግባ፤ ውሃው የደረሰበት ሚሊ ሜትር ይጻፍ፤ ከዚያም ውሃው ይደፋ። በረዶ ቢገኝበት እስኪቀልጥ ተጠብቆ ይለካ። ነጐድጓድ ካለ እስኪያልፍ ይቆይ፤ ሰዓቱም የዘገየ መሆኑ በዳር ይጻፍ። ልጁ ያላየበት ቀን ቢኖር ሰረዝ ያድርግ እንጂ 0 አይጻፍ፤ መምህሩም በሰረዙ ምክንያት እንደማይቀጣው አስቀድሞ ይንገረው፤ ቅጣት ካለ ሰረዙ ሁሉ 0 ይሆናልና።

በመስከረም ልጆቹ ደብተራቸውን ይዘው ሲመጡ የአንዱ ቁጥር ከሌላው አይስማማም። በአንድ ቀን የእንጅባራው ልጅ 40፣ የዳንግላው ልጅ 12፣ በመካከል ያለው ልጅ ደግሞ 0 ጽፎ ይገኝ ይሆናል። መምህሩ ከሦስቱ አንዱን ውሸታም ለማለት አይቸኵል። አስቀድሞ እያንዳንዱ ቤቱ በየትኛው ኰረብታ በኩል እንደ ሆነ ይጠይቅ፤ መልሱንም በጥቍር ሰሌዳ ላይ ከቁጥሩ አጠገብ ይጻፈው።